አይጠየፍን ለዛፉ ብሎ መጎብኘት፦ ከደሴ ኮረብታ እስከ ኮምቦልቻ የአንድ ቀን መንገድ

ደሴ ከተማ ወዳለው የአይጠየፍ ኮረብታ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለድሮው የግብር አዳራሽ ነው። ደጃፉ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ከተማውን ቁልቁል ያያል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳል። ይህ መመሪያ ኮረብታውን ለዛፉ፣ ለቁጥቋጦውና አጥር ሥር ለበቀለው ሳማ ጭምር ብሎ ለሚወጣ ሰው ነው። ልጆቹን ይዞ የሚወጣ ወላጅ፣ የባዮሎጂ መምህር፣ ወይም ቅዳሜውን በእግሩ ማሳለፍ የሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ለደሴ፣ ግማሽ ቀን ለኮምቦልቻ ቢመድብ ይበቃዋል።

ግንዱ ላይ ስሙ የተለጠፈበት ዛፍ አትጠብቁ። ስሙን የምታገኙት ራሳችሁ አይታችሁ፣ ዳስሳችሁና ጠይቃችሁ ነው።

ግብሩን ያቆሙት አራት ዕፅዋት

ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሲባሉ መናገሻቸው ደሴ ነበረች፤ አይጠየፍም የግብር አዳራሻቸው ነው። ስሙ፣ እንደሚነገረው፣ ደሃ ከሀብታም ሳይለይ ሁሉ የሚበላበት ለማለት ነው። ግብር ሲባል ሁላችንም የሚታየን ሥጋና ጠጅ ነው። ሥጋውና ጠጁ ግን ዕፅዋት ይፈልጉ ነበር። ጠጁ ያለ ጌሾ አይጣልም። ጋኑ በወይራ ይታጠናል። ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ወሩን ቆጥሮ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ለግብሩ የለበሰውም ነጭ ሸማ በእንዶድ ይታጠብ ነበር። ስለዚህ ጉብኝቱን ከእነዚህ ከአራቱ ጀምሩ። ሁሉንም በአንድ ግቢ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ የጎደለውን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሰው ጓሮ፣ ካልሆነም ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ ደርቆ ሲሸጥ ታዩታላችሁ።

ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ ሳይቆረጥ ከቆየ ከሰው ቁመት አልፎ ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ቅጠሉ ከላይ ዘይት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፣ ጫፉ ሹል ነው፣ ጠርዙ ደቃቅ ጥርስ አለው። አንዱን ቅጠል ሳትበጥሱ በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ብርሃን ብታዞሩት ደም ሥሮቹ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየታጠፉ ሲሄዱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፍሬው አተር ያህላል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ሲበስል ጥቁር ነው። ገበያ ላይ ቅጠሉና እንጨቱ ለየብቻ የሚሸጡበትን ምክንያት ሻጯን ጠይቁ፤ ለጠላ ቅጠሉም ይገባል፣ ለጠጅ የሚፈለገው ግን በዋናነት እንጨቱ ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ማንኛውንም የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ ጌሾ ማለት ነው። የምትለዩበት መንገድ ጠርዙ ነው፤ ጥርስ ከሌለው ጌሾ አይደለም።

ወይራን ከሩቅ የሚያስታውቀው ግራጫ የሚመስለው ጥላው ነው። ቅርብ ስትሆኑ ቅጠሉን ገልብጡት፤ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከታች ወርቃማ ቡኒ ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ፍሬው ከገበያ ወይራ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፣ ሲበስልም ይጠቁራል። ያረጀ ወይራ ግንዱ ይጣመማል፣ ይቦረቦራል፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ቦታ የተከፈለ ይመስላል። እዚህ ትንሽ ቁሙ፤ ከዛፎቻችን መካከል በዝግታ የሚያድግ እንደ እሱ ጥቂት ነው፣ እንጨቱም የሚከብደው ለዚሁ ነው።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ለኮሶ ታችኛው ጠርዝ ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይበዛል። ቅጠሉ ረጅም ነው፤ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥርሳም ቅጠሎች አሉት፣ ሁሉም በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስበው እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። የግንዱ ልጥ ቀላ ያለ ቡኒ ሆኖ እየተላጠ ይወርዳል። አበባው እንደ ዘለላ ቁልቁል ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ ኮሶ ወንድና ሴት ዛፍ አለው። የሴቷ ዘለላ ቀይ ነው፤ የወንዱ ነጣ ወይም ወደ ብርቱካንማ ያዘነበለ ነው። ለመድኃኒት የሚታወቀው ቀዩ፣ የሴቷ ነው። ገበያ ላይ የደረቀውን ዘለላ ስታገኙ ቀለሙን አይታችሁ የትኛው እንደሆነ ገምቱ። ገዝታችሁ አትጠጡ። ድሮም ሰው በኮሶ ይጎዳ ነበር፤ መጠኑ ከበዛ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ዛሬ የኮሶ ትል መድኃኒት ጤና ጣቢያ አለ።

እንዶድ ራሱን ችሎ አይቆምም፣ አጥርና ዛፍ ላይ ይንጠላጠላል። ፍሬው በዘለላ ነው፤ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይሄዳል። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል። ከዚህ ተክል ጋር የዶክተር አክሊሉ ለማ ስም አብሮ ይነሣል፦ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ ፍሬው ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ለልጆች ስታሳዩ ዱቄቱን አፍንጫ አጠገብ አታራግፉ፤ ማስነጠሱ አያባራም፣ ዓይንም ያቃጥላል።

መቼ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ምረጡ። ክረምቱ ጭቃውን ጥሎ ሄዷል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ኮሶም ማበብ ጀምሯል። አደይ አበባን ለማየት ግን መስከረም ነው፤ ጥቅምት ሲገባ እየረገፈ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም፤ ኮረብታው ያዳልጣል፣ ደሴም ጉም ስትለብስ አሥር ሜትር ራቅ ያለ ዛፍ አይታይም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ ስለሚዘንብ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊይዛችሁ ይችላል፤ ከሄዳችሁ የደሴውን ክፍል እስከ 5 ሰዓት ጨርሱ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መውጣት ጥቅም የለውም። ጉሙ ገና አልተገፈፈም፣ ቅጠሉ እርጥብ ስለሆነ ቀለሙ ያታልላል፤ በተለይ የወይራን የታች ቡኒ እርጥብ ሳለ መለየት ይከብዳል።

የምትይዙት፦ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በጉም እርጥበት ይደማል)፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቀጥ ያለ ዱላ፣ ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ የማያዳልጥ ጫማ፣ ለደሴ ጃኬት። መታወቂያ አትርሱ፤ ለበር ዘበኛም ለመንገድ ፍተሻም ይጠቅማል። ለትምህርት ቤት ቡድን ለአንድ መሪ ከ15 ልጅ በላይ አይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ከኋላ ያሉት የሚያዩት የጓደኛቸውን ጀርባ ነው።

ፈቃድ የሚባለውን ነገር በዋዛ አትዩት። ቦታው ቅርስ ነው፣ ጥገና ወይም ስብሰባ ካለ የግቢው አንድ ክፍል ሊዘጋ ይችላል። ቡድን ከሆናችሁ ቢያንስ ከሦስት የሥራ ቀን በፊት ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ አስገቡ። ደብዳቤው ውስጥ «ዛፍ ለማየትና ለመለካት፣ ምንም ሳንቆርጥ» የሚል መስመር ካልጻፋችሁ በሩ ላይ ሜትርና ዱላ ይዛችሁ ስትታዩ ቀያሽ መስላችሁ ትከራከራላችሁ። ለብቻ ወይም ከቤተሰብ ጋር ከሆነ በአካል ጠይቃችሁ መግባት ይበቃል። ዘበኛውን ሰላም ብላችሁ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ትልቁ ዛፍ የቱ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ግቢውን በየቀኑ የሚዞረው እሱ ነው፤ የትኛው ቅርንጫፍ መቼ እንደወደቀ ሳይቀር ሊነግራችሁ ይችላል።

ጥድ ሁሉ ጥድ አይደለም

ሰው የሚሳሳትበት አንድ ዛፍ ብቻ ምረጡ ብትሉን ጥድ ነው። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ከሩቅ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሁለቱም ስሙን ተጋርተውታል፣ ሁለቱም በግቢና በመቃብር ቦታ ይተከላሉ። ልዩነቱ ፍሬው ላይ ነው። የሐበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሰማያዊ ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ አመድ የመሰለ ሽፋን አለ፣ በጣት ብታሹት ይለቃል። የፈረንጁ ፍሬ እንጨት ነው፤ እንደ ትንሽ ኳስ ሆኖ ላዩ ላይ ቀንዳ ቀንድ አለው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘሩን ይጥላል። ከዛፉ ሥር ብትፈልጉ የተሰነጠቀውን ታገኛላችሁ።

የሐበሻው ጥድም ወንድና ሴት ዛፍ ለየብቻ ስላለው ወንዱ ላይ ፍሬ ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። ያኔ «ፍሬ የለውም፣ እንግዲህ የፈረንጅ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። የፈረንጁ ጥድ ዕድሜው ከደረሰ ያለፈው ዓመት ደረቅ ፍሬ ከቅርንጫፉ ላይ ወይም ከሥሩ አይጠፋም፤ እዚያም እዚያም ምንም ከሌለ ያያችሁት የሐበሻ ወንድ ሳይሆን አይቀርም።

የቤተ ክርስቲያንና የግቢ ሠሪዎች የሐበሻውን የሚመርጡት ምስጥ ስለማይደፍረው ነው። በድሮ ቤት ውስጥ ያለ የእንጨት ምሰሶ ስታዩ ሳትነኩ ጠጋ ብላችሁ አሽትቱ፤ የጥድ ሽታ ለረጅም ዘመን አይለቅም።

ባሕር ዛፍ ስለ ዕድሜ የሚነግራችሁ

ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የተስፋፋው አዲስ አበባን ከማገዶ እጥረት ለማዳን ነበር። ስለዚህ የትኛውም የወሎ ባሕር ዛፍ ከዚያ ሊበልጥ አይችልም። አንድ ሰው «ይህ ባሕር ዛፍ የሁለት መቶ ዓመት ነው» ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ግዝፈቱ አያታልላችሁ፤ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት የሚያገኘውን ውፍረት ወይራ በሰው ዕድሜም ላያገኘው ይችላል። ለዚህ ነው የአንድን ዛፍ ውፍረት ለክቶ ዕድሜውን መናገር የማይቻለው፤ ሁለት ዛፍ ማወዳደር የሚቻለውም ዓይነታቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

በደጋ በብዛት የምታዩት ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ሕፃን ቅጠሉና አዋቂ ቅጠሉ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ ከተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ክብ መሰል፣ አመድማ ሰማያዊና ጥንድ ጥንድ ሲሆን፣ ከፍ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ያለው ደግሞ ማጭድ የመሰለ ረጅም ቅጠል ነው። ተማሪዎች እነዚህን ሁለት ዛፍ አድርገው ይመዘግቡና ዝርዝሩ ያለ ልክ ይረዝማል። ከጉቶው ወደ ላይ በዓይናችሁ ተከተሉ፤ ከሁለቱ ቅጠሎች መሐል የሚሸጋገረውን አንድ ቅርንጫፍ ታገኛላችሁ።

መለካት

ውፍረቱን የምትለኩት ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍ ብላችሁ ነው። ዱላችሁ ላይ ይህን ቁመት ቀድማችሁ በቢላ ምልክት ብታደርጉ ለእያንዳንዱ ዛፍ ከመገመት ትድናላችሁ። አይጠየፍ ኮረብታ ስለሆነ መሬቱ ያዘነብላል፤ በዳገቱ በኩል ቆማችሁ ለኩ እንጂ በቁልቁለቱ በኩል አይደለም። ሜትሩ ግንዱን ሲዞር እንዳይጣመም አንድ ሰው ከጀርባ ይያዝ። የተገኘውን ለ3.14 ስታካፍሉት የግንዱን ስፋት ይሰጣችኋል፤ ዙሪያው 157 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 50 ነው ማለት ነው። በ1.30 ላይ ጉብታ ወይም ቅርንጫፍ ካለ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ለኩና የለካችሁበትን ቁመት ጻፉ።

ለቁመት ዱላውን ተጠቀሙ። እጃችሁን ሙሉ ዘርግታችሁ ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከጡጫችሁ በላይ ያለው ክፍል ከጡጫችሁ እስከ ዓይናችሁ ያለውን ርቀት ያህል ይሁን። ከዛፉ ወደ ኋላ እየራቃችሁ ሂዱ። የዱላው ጫፍ ከዛፉ ጫፍ፣ ጡጫችሁ ከዛፉ ሥር ሲገጥም ቁሙ። ከቆማችሁበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው ማለት ይቻላል። ይህ የሚሠራው ሜዳ ላይ ነው። ዳገት ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ካያችሁ ዛፉን ታሳጥሩታላችሁ ወይም ታረዝሙታላችሁ፤ ስለዚህ ከዛፉ ጋር እኩል ከፍታ ላይ የሚያቆማችሁን የኮረብታ ጎን ፈልጉ። ካልተገኘ ቁመቱን መተው ይሻላል፤ የተሳሳተ ቁጥር ደብተር ውስጥ ገብቶ እንደ እውነት ይኖራል።

ለእያንዳንዱ ዛፍ አምስት ፎቶ፦ ሙሉውን፣ ልጡን፣ የቅጠሉን ላይ፣ የቅጠሉን ታች፣ ፍሬውን ወይም አበባውን። ከቅጠሉና ከፍሬው አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፣ ያለዚያ ቤት ስትገቡ መጠኑ ይጠፋባችኋል። መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል አንሥታችሁ የቆማችሁበት ዛፍ ነው አትበሉ፤ ነፋስ ከጎረቤት ያመጣዋል። አንድ ሰው ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ ይያዝ፣ ሌላው ያንሣ፤ መቁረጥ የለም።

ስም ስትጠይቁ

ለአንድ ተክል ቢያንስ ሦስት ሰው ጠይቁ፤ ቢቻል አንዱ ሽማግሌ፣ አንዷ እናት፣ አንዱ ከገጠር የመጣ ይሁን። አንዱ ሰንሰል ያለውን ሌላው ስሚዛ ይለዋል፣ አንድ ተክል ነው። ሁሉንም ስም ጻፉ፣ ማን እንደነገራችሁም «እናት፣ ከሩቅ ወረዳ የመጡ» ብላችሁ በአጭሩ አስፍሩ። የሰውየውን አፍ እየጠበቃችሁ «ይህ ኮሶ ነው አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የወሎ ሰው እንግዳ ማሳፈር አይወድም፣ አዎ ይላችኋል። «ይህን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ማለት ይሻላል።

የሚያቃጥል፣ የሚመርዝ

ሳማ አጥርና ፍርስራሽ ግንብ ሥር ይወዳል። መሬቱ ፍግና ቆሻሻ ጠግቦ የኖረ ከሆነ ይፋፋል፤ ስለዚህ ባዶ ሜዳ መሐል ሳማ ብቻውን ተከማችቶ ካያችሁ ቦታው አንድ ጊዜ በረት ወይም ማድ ቤት ደጅ ነበር ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ልጆች ቁምጣ አይልበሱ። ከለበለባቸው አያኩት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ ያልፋል።

ቁልቋል የበለጠ ያሳስባል። ቅርንጫፉ ሲሰበር ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፣ አትሹት። አስተናግርና ጉሎ በየፍርስራሹ ይበቅላሉ፤ የሁለቱም ፍሬ መርዝ ነው። ቢጫ ክብ የእንቧይ ፍሬም ለልጅ ዓይን ብርቱካን ይመስላል። ከጉብኝቱ በፊት አንድ ሕግ ብቻ ንገሯቸው፦ ዛሬ ከዛፍ ላይ የሚበላ ነገር የለም፣ አጋምም ቢሆን።

ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ

የቀኑ ሁለተኛ አጋማሽ በእኛ ግምት ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ግን ይተወዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያች መንገድ 650 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ስለሆነች ከደጋ ተነሥታችሁ ወይና ደጋ ትገባላችሁ ማለት ነው፣ ሙቀቱም በ4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጃኬታችሁን ስታወልቁ ዛፎቹም አብረው ይለወጣሉ።

6 ሰዓት ተኩል ላይ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዙ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያስመልሰው ሰው ከባድ ምሳ በልቶ አይሳፈር፤ ምሳውን ኮምቦልቻ ይብላ። ከመስኮቱ ሆናችሁ ደብተር መጻፍ አይመከርም፣ ያዞራል። ይልቁንም አንዳችሁ የመጀመሪያውን ጃንጥላ መሳይ ግራር፣ ሌላው የመጀመሪያውን ቁልቋል፣ ሌላው የመጀመሪያውን ዋንዛ ይጠብቅ፤ ያየ ሰው ሰዓቱን ይናገር፣ አንዱ ስልኩ ላይ ይያዝ። ቁጥሩ ትክክለኛ ከፍታ አይሰጣችሁም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይሰጣችኋል፣ የምትፈልጉትም እሱን ነው።

ኮምቦልቻ ስትደርሱ የሚፈለጉት ሌሎች ናቸው። ዋንዛ ሰፊ ክብ ቅጠል አለው፣ ሲነካ ይሻክራል፤ ሲያብብ ነጭ ይለብሳል፣ አበባው ከሥሩ ረግፎ መሬቱን ይሸፍነዋል። ብሳና የልብ ቅርጽ ያለው ቅጠል አለው፤ ከዛፉ አረንጓዴ መሐል አንድ ሁለት ደማቅ ብርቱካንማ ቅጠል ካያችሁ እሱ ነው፣ ሊረግፍ የተዘጋጀ ቅጠሉ እንዲያ ይሆናል። ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ሁለት ጥቃቅን ጉብታዎች አሉ። ሾላ ፍሬውን ግንዱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ዋርካ ደግሞ በጥላው ስፋት ይታወቃል። ደረቅ ዳገት ላይ ክትክታ ፈልጉ፤ ቅጠሉ ሲነካ ይጣበቃል፣ ፍሬው ሁለት ወይም ሦስት ክንፍ ያለው ስስ ወረቀት ይመስላል። ባሕር ዛፉም ይለያል፤ በቆላማው በኩል የሚተከለው ቀይ ባሕር ዛፍ ፍሬው እጅግ ትንሽ ነው፣ ደሴ ላይ ያነሣችሁት ፎቶ ከሳንቲሙ ጋር እዚህ ይጠቅማችኋል።

ከኮሶው ተስፋ ቁረጡ። ኮምቦልቻ ላይ ኮሶ አየሁ የሚል ካለ ቅጠሉን አብራችሁ ሄዳችሁ እዩ።

ቦርከና ወንዝ ዳር ጥላ ያለበት ቦታ አይጠፋም፣ ውሃው ውስጥ ግን እጅና እግር አታስገቡ፤ ከላይ የከተማ ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው። ጥላ ለማግኘትና አሮጌ ዛፍ ለማየት ከሁሉ የሚሻለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና የመስጊድ ግቢ ነው። በሁለቱም መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ጫማና ልብስ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ይያዙ። ቅዳሴ ወይም ሶላት ላይ ከሆነ ውጭ ጠብቁ። የቅጥር ዛፍ ቅጠል አይቀነጠስም፤ እዚያ ዛፉ ቆሞ የኖረው ማንም ስላልነካው ነው።

10 ሰዓት ላይ መዝገቡን ዝጉና ወደ መናኸሪያ ተመለሱ። አመሻሽ ላይ ሐረጎ ጉም ሊለብስ ይችላል፣ የጭነት መኪናውም ይበዛል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚነሣ ሚኒባስ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ለቡድን አይመችም። ዳገቱን ስትወጡ ከቁጥራችሁ የቀረውን ያዙ፦ ስትወርዱ የመጀመሪያው የነበረው ዋንዛ አሁን የመጨረሻው ይሆናል። ሁለቱ ቦታ ከተገጣጠመ ልክ ናችሁ፤ ካልተገጣጠመ ወይ ከሁለቱ አንዱ ዋንዛ አልነበረም፣ ወይ አንዱ ዋንዛ አምልጧችኋል።